ዓሣውን የረሳሁበት ግድግዳ

እጅ መሣል አልችልም። ሠዓሊ ነኝ የሚል ሰው ይህን ደብቆ ቢይዘው ይሻለው ነበር፤ ግን ያለ እሱ ታሪኬ አይሄድልኝም። አዲስ አበባ ሥዕል ስማር ፊት ይወጣልኛል፣ ዛፍ ይወጣልኛል፣ የነጠላ እጥፋት ሳይቀር ይወጣልኛል፤ እጅ ላይ ስደርስ ግን ጣቶቹ ካሮት ይሆኑብኛል። አስተማሪዬ አንድ ቀን ሥራዬን ትክ ብሎ አየና፣ «ይቺ ሴትዮ እጇን ምን አገኛት?» አለኝ። እየቀለደ መስሎኝ ቀና ስል ፊቱ ላይ ሐዘን አየሁ። ከዚያ ወዲህ የምሥላቸው ሰዎች ሁሉ ወይ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ ወይ ወደ ኋላ አጣመሩ፣ ወይ ጋቢ ተከናነቡ።

ተመርቄ ወደ ሐይቅ ከተማ ስመለስ ይህ ጉድለት ብዙም አልጎዳኝ። በከተማችን ለሠዓሊ ያለው ሥራ የባጃጅ ጀርባ፣ የፀጉር ቤት በርና የሱቅ ስም ነው። ባጃጅ ላይ አንበሳ እሥላለሁ፤ የአንበሳን ጣት የሚቆጥር የለም። ፀጉር ቤት ደግሞ ሥራው ከአንገት በላይ ነው። እሱም ቢሆን ጣጣ አያጣውም። አንድ ጊዜ በር ላይ የሣልኩት ጎረምሳ ሳላስበው ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሌላ ፀጉር አስተካካይ ቁርጥ አድርጎ መሰለና፣ ደንበኛው ሁሉ ሥዕሉን እያየ ወደዚያኛው ሲሻገር ከረመ። ሌላ ጊዜ ቀለሙ ሳይደርቅ የጤፍ ጆንያ አስደገፉበትና የአንበሳዬ ግማሽ ፊት ጆንያው ላይ ታትሞ ተገኘ። የጆንያው ባለቤት ወደደችው፤ ጤፉን ገልብጣ ጆንያውን ቤቷ ሰቀለችው። አዲስ አበባ የቀሩ የክፍል ጓደኞቼ በስልክ ስለ ኤግዚቢሽኖቻቸው ሲያወሩኝ እኔ የማወራቸው ስለዚህ ጆንያ ነው።

ያሳደገችኝ አክስቴ ከአምባሰል ደጋ ወርዳ ሐይቅ የከተመች ክርስቲያን ናት። ጓደኛዋ፣ እኔ እትዬ የምላቸው፣ እዚሁ ከተማ ተወልደው ያደጉ ሙስሊም ናቸው። በአንድ አጥር ተጎራብተው ሲኖሩ አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ገንፎ አገንፍታለች፤ የአንዷ ባል ሲሞት ሌላዋ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ከርማለች። አንድ ነገር ብቻ አልሆነላቸውም፤ በዓል በመጣ ቁጥር ከአንድ ሳህን መብላት። ደንቡ የታወቀ ነው። ክርስቲያኑ ሙስሊም የባረከውን ሥጋ አይበላም፤ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን አይቀምስም። ስለዚህ ፋሲካ ሲመጣ አክስቴ ለእትዬ ዶሮ ከነነፍሷ ትልካለች፤ እዚያው በወጉ እንድትታረድ። ዒድ ሲሆን ደግሞ ከወዲያ በኩል ዶሮ ከነነፍሷ ትመጣለች። አንድ ዓመት ሁለቱ በዓላት ተቀራርበው ዋሉና አክስቴ የላከቻት ቀይ ዶሮ ሳትታረድ ቆይታ ተመልሳ መጣችልን። ሁለቱ ይህን ባነሱ ቁጥር እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ፤ ግን ሳቁ ሲያልቅ ሁለቱም በየበኩላቸው ወደ ምድጃቸው እንደሚመለሱ ልጅ ሆኜም አስተውል ነበር።

ዓሣ ግን ባራኪ አይሻም። «ዓሣ እኮ ተውኃው ተባርኮ ነው የሚወጣ» ይላሉ እትዬ። ባሎቻቸው ካለፉና ልጆቻቸው ከተበተኑ በኋላ ሁለቱ በመኪናው መንገድ ዳር አንድ ክፍል ተከራይተው ዓሣ ቤት ከፈቱ። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው ክርስቲያኑ አይነካውምና እዚያ ቤት አይገባም፤ የሚጠበሰው ባለ ቅርፊቱ ቆሮሶ ብቻ ነው። ሙስሊምና ክርስቲያን ወዳጆች «ዛሬ እኔ ልጋብዝህ» ሲባባሉ ሳይጨነቁ የሚገቡት እዚህ ቤት ሆነ። የገበያ ቀን ክርስቲያኑ የአምባሰል ገበሬና ሙስሊሙ የከተማችን እህል ነጋዴ ፊት ለፊት ተቀምጠው እሾህ ሲለቅሙ ይታያሉ። የምሳው ግርግር ሲያልፍ ደግሞ አክስቴና እትዬ ጓሮ ሄደው አንድ ዓሣ በአንድ ሳህን አቅርበው ይቀመጣሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ቤቱን የከፈቱት ለዚያች ሰዓት ነው።

አምና ክረምቱ እንደወጣ ቤቱን በኖራ አስቀቡትና በመንገድ በኩል ያለውን ግድግዳ ሰጡኝ። «እንደፈለግሽ አድርጊው፤ ብቻ ሸጋ ይሁን» አለች አክስቴ። እንደፈለግሽ! አንበሳውን ቁጡ አድርጊው፣ ስሙን ቀይ አድርጊው ሲባል ለኖረ ሰው ይህን ቃል መስማት ምን እንደሚያደርግ አልነግራችሁም። ከጓደኞቼ አንዷ በዚያው ሰሞን ደውላ የጋራ ኤግዚቢሽን ሊያሳዩ መሆኑንና የቅርብ ሥራዬን ፎቶ እንድልክላት ነግራኝ ነበር። አንበሳ እንዴት ይላካል? ጆንያውንማ ተዉት። ይህ ግድግዳ ለእኔ ነው ብዬ ተነሣሁ።

ሐይቁን ሣልኩት፣ ከዳር እስከ ዳር። የተማርኩትን ሁሉ አፈሰስኩበት፤ የቀረበው ትልቅ፣ የራቀው ትንሽ፣ ብርሃኑ ከአንድ ወገን። በሩ አጠገብ ባረፈው ዳርቻ የእስጢፋኖስን ገዳም ዛፎችና የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ አደረግሁ፤ ጉልላቱ ላይ ያለውን መስቀል የማታ ፀሐይ መትታው ወርቅ አስመስላዋለች። ከሥሩ የሐይቅ ዳር እርሻ አለ፤ እርሻው ላይ ከሥራ ያረፈ አንድ ቀይ በሬ ቆሟል። በሬው በጣም ወጣልኝ። ትከሻው፣ ዓይኑ፣ እርጥብ አፍንጫው ሁሉ ልክ ነበር፤ ገበሬውን ግን እጅ ስላለው አልሣልኩትም። በስተቀኝ መጨረሻ፣ ከሩቅ፣ ባቄላ የምታህል የአስጋሪ ታንኳ አለች። ዓሣውማ ከውኃው በታች ነው፤ ማን ያየዋል?

የጨረስኩ ቀን የተሰማኝን ደስታ ከዚያ በፊት አላውቀውም። ሰው እየቆመ አየልኝ። ከገዳሙ ሲመለሱ የነበሩ አንዲት እናት መስቀሉን ሊሳለሙ ጠጋ ብለው አፍንጫቸው ላይ ቢጫ ቀለም ይዘው ሄዱ፤ ስነግራቸውም «ይሁን ልጄ፣ በረከት ነው» ብለው ሳይጠርጉት ቀሩ። እትዬ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆመው፣ «ማሻአላህ! ውኃው እኮ ነፋስ ያለበት ይመስላል» አሉ። ማታ ስልኬ ላይ ፎቶውን እያሳነስኩና እያሳደግሁ ሳይ አመሸሁ።

ከዚያ ደንበኛ መቅረት ጀመረ። መጀመሪያ አላስተዋልንም፤ የዝናቡ መጨረሻ ነው፣ አዝመራ ነው አልን። እኚያ ዘወትር የማይጠፉት እህል ነጋዴ፣ ሁላችንም አያ የምንላቸው ሽማግሌ፣ የገበያ ቀን በበሩ ሲያልፉ አክስቴ ጠራቻቸው። «ጾም ይዣለሁ» አሉ፤ ሰላምታቸው ግን እንደወትሮው አልነበረም። በሚቀጥለው ገበያም ጾም ይዘው ነበር። ወዳጃቸው የአምባሰሉ ገበሬ ብቻውን ገብቶ፣ ዓሣውን ግማሽ ላይ ትቶ ወጣ። ቤቱ ውስጥ ሙስሊም የሚባል ሰው ከእትዬ በቀር አልቀረም።

ነገሩን የገለጠልን አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ገብቶ እጁን ታጠበ፣ ተመቻችቶ ተቀመጠና «አንድ ኪሎ ጥብስ፤ ከጎድኑ ይሁን» አለ። አክስቴ ያለው ዓሣ ብቻ መሆኑን ነገረችው። ሰውዬው ተገርሞ ወደ በሩ ዞረ። «ዛዲያ በሬውን በር ላይ ምን አቆማችሁት?»

ሦስታችንም ወጥተን አየነው። በሀገራችን ሥጋ ቤት ሁሉ በር ላይ ምልክት አለ፤ የክርስቲያኑ መስቀል፣ የሙስሊሙ ጨረቃ፣ አጠገቡም የበሬ ሥዕል። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም፤ እኔም አውቀዋለሁ፤ እንዲያውም ከእነዚህ ምልክቶች ስንቱን የሣልኩት እኔው ነኝ። ግን በዚያ ሁሉ ሳምንት የሣልኩት ሐይቁን እንጂ ምልክት አልነበረም። አሁን እንደ መንገደኛ ሆኜ ሳየው በዓሣ ቤታችን በር ላይ አንድ ወርቃማ መስቀልና አንድ የሰባ ቀይ በሬ አሉ፤ ዓሣ ግን የለም። መጀመሪያ ሳቅ ያዘኝ። ቀጥሎ ተናደድኩ፤ «ሥዕል እኮ ነው! ሰው ሥዕል ማየት አያውቅም እንዴ?» አልኩ። አክስቴ «አውቆ ነው እንጂ የቀረው ልጄ» አለችኝ።

በሬውን በማግስቱ አለት አደረግሁት፤ ልቤ እየደማ። መስቀሉ ግን አስቸገረ። ብሩሽ ይዤ ስጠጋ አክስቴ እጄን ቀጨም አደረገች። «መስቀል ላይ ኖራ ልታፈሺ? ተነሽልኝ ወዲያ!» እትዬም ከኋላ «ሐቋን ነው፤ አይደፈርም» አሉ። ከላዩ በትልቁ «ዓሣ ቤት» ብዬ ጻፍኩ። ምንም አልፈየደም፤ ሥጋም ዓሣም በአንድ መጥበሻ የሚሠራበት ቤት ብዙ ነው፤ መስቀሉ ስለ መጥበሻው ይናገራል። ጊዜ ሳልፈጅ በዚያኛው ጫፍ፣ ከታንኳዋ በላይ፣ መስጊድ ሣልኩና ሚናራው ላይ ጨረቃ አደረግሁበት። እኩል ሆነ ብዬ ብሩሼን አጠብኩ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ይኼ ነው። ሙስሊሙ አልተመለሰም፤ የነበረው ክርስቲያን ደግሞ «ሁለቱንም ሥጋ በአንድ ቢላዋ ነው የሚቆርጡት» ብሎ ቀረ። ቤቱ ባዶ ሆነ፤ ዝንብ እንኳ አልፎ አልፎ ነው የሚመጣ።

አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ሽርጣቸውን ፈትተው አጣጠፉት። ትልቁ የዓሣ መጥበሻ ከቤታቸው ያመጡት ነበር፤ አጥበው በጨርቅ አደረቁት። «አንቺዬ፣ እኔ ልውጣ» አሏት አክስቴን። «ወንድሞቼ 'ተክርስቲያን ሥጋ ቤት ነው ወይ የምትውይ' እያሉ ራሴን አዞሩት። አንቺ የክርስቲያን ቤት አድርጊውና በሬም እረጂበት፤ ያዋጣሻል። ለእኔ ስትይ አትክሰሪ።»

«በሬ አርጄ ብቻዬን ልበላው?» አለች አክስቴ።

እትዬ መጥበሻውን አነሡ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ አንገቴን ደፋሁ። መጥበሻውን ይዘው ሲወጡ አገጬን ቀና አደረጉና «አብሽሪ ልጄ፤ ውኃው ወላሂ ያምራል» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አክስቴ በዚያ ቀን ጓሮ ያለውን መቀመጫ አልነካችውም፤ በማግስቱም ምሳ አልበላችም።

በሦስተኛው ቀን አክስቴ አንድ ዓሣ ብቻ ጠበሰች፤ በቤት መጥበሻ፣ ጅራቱ ወደ ውጭ ወጥቶ። በሳህን አድርጋ፣ በሳህን ከድና፣ ነጠላዋን አጣፍታ «ተከተይኝ» አለችኝ። አጥሩን ዞረን እትዬ ቤት ገባን። ሁለቱም ስለ ዓሣ ቤቱ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ስለ ዘይት መወደድ አወሩ፤ ስለ አንዲት ላም አወሩ። ሳህኑ መሐላቸው ሆኖ ሁለቱ እጆች ከወዲያና ከወዲህ ሲመጡ እኔ ማየት ጀመርኩ። የአክስቴ አንጓ ላይ ልጅ ሳለች የተነቀሰችው አረንጓዴ መስቀል አለ። የእትዬ ጥፍር በሂና ቀይ ነው፤ ከሰፊው ጥቁር እጅጌያቸው ሥር ሙስበሃቸው፣ የጸሎት መቁጠሪያው፣ አንጓቸው ላይ ተጠምጥሟል። አክስቴ እሾሁን አውጥታ ነጩን ሥጋ ወደ እትዬ በኩል ትገፋለች፤ እትዬ ደግሞ መልሰው ወደ እሷ በኩል ይገፉታል።

በወሎ ምድር ይህን ያየ ሰው ምንም ሳይጻፍለት ያውቃል። የመስቀል ንቅሳት ያለው እጅና ሙስበሃ ያለው እጅ አንድ ሳህን ውስጥ ከገቡ፣ እዚያ ሳህን ውስጥ ያለው ነገር ቢላዋ የነካው ሥጋ አይደለም።

«እትዬ፣ እርስዎንና አክስቴን እንዲህ እንደተቀመጣችሁ ልሣላችሁ?» አልኩ።

እትዬ ጉርሻቸውን ዋጡና አሰቡበት። «ፊቴንስ ተይው ልጄ። የሰው መልክ መሣል ለእኛ አይበጅም፤ ወንድሞቼም ሌላ ነገር ያገኛሉ።» ከዚያ በዘይት የወዛ እጃቸውን አንሥተው ገለበጡት። «እጄን ግን ሣይ። እጅማ ምን አለበት?»

ለቅሶዬ መጣ። ከዓለም ላይ ካለው ነገር ሁሉ እጅ!

በሩ አጠገብ፣ ከመስቀሉ በታች፣ አለት ያደረግሁትን በሬ በኖራ አጠፋሁና ጀመርኩ። መጀመሪያ ካሮት ወጣ። አጠፋሁት። ቀጥሎ ድንች ወጣ። አክስቴ በርጩማ አምጥታ አጠገቤ ተቀምጣ እጇን እንደዘረጋች «ደነዘዘኮ! እስታሁን አንድ ጣት ነው?» እያለች ትነዘንዘኛለች። የእትዬን እጅ በስልኬ አንሥቼ ይዤ ነበር፤ ስልኬን በአፌ ነክሼ ነበር የምሠራው ማለት ይቻላል። መንገደኛው ቆሞ ይስቃል። አንድ ባጃጅ ነጂ «አንበሳው ይሻልሽ ነበር» አለኝና ሄደ። ቀለሙ ቢያልቅብኝ ደስ ባለኝ፤ አላለቀም። አንድ ቦታ ላይ ግን የአክስቴን እጅ እጅ ነው ብዬ ማሰብ ተውኩ። ልጅ ሆኜ ትኩሳት ሲይዘኝ ግንባሬ ላይ ሲያርፍ የሚከብደውን ክብደት አሰብኩ፤ እሱን ክብደት ለመሣል ሞከርኩ። የቆዳው መጨማደድ መጣ፣ የአንጓው አጥንት መጣ። የእትዬ አውራ ጣት እስከ መጨረሻው አልታዘዘኝም፤ ትንሽ ወደ ውጭ ዞሮ ቀረ። ግን እጅ ነበር። ሁለት እጅ፣ አንድ ሳህን። ብሩሼን አስቀምጬ ያለ ምንም ኀፍረት መንገድ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ።

የገበያው ቀን አያ ከአምባሰሉ ወዳጃቸው ጋር መጡ። ግድግዳው ፊት ቆሙ። እኔ ውስጥ ሆኜ በመስኮቱ ቀዳዳ አያለሁ፤ አክስቴ ከኋላዬ ትከሻዬን ይዛለች። አያ በከዘራቸው ጫፍ መጀመሪያ አረንጓዴውን መስቀል፣ ቀጥሎ ሙስበሃውን ነኩት። ወደ ወዳጃቸው ዞረው፣ «ሁለቱ ተበሉበትማ ዓሣ ነው» አሉ። ገብተው እጃቸውን ታጠቡ። ስለ ጾሙ ማንም አልጠየቃቸውም።

ወሬው መቼም በሐይቅ አይዘገይም። ቀትር ሳይሆን እትዬ መጥበሻቸውን በራሳቸው ላይ ተሸክመው በመንገዱ ሲመጡ አየን። ሰላም ሳይሉን ግድግዳው ፊት ቆሙ። መጥበሻውን ሳያወርዱ ለረጅም ጊዜ አዩት። የራሳቸውን እጅ አንሥተው ከግድግዳው እጅ ጋር አስተያዩት፤ ጠማማው አውራ ጣት ላይ ሲደርሱ የራሴን እጅ ወደ ኋላ አጣመርኩ። እሳቸው የሚያዩት ግን ሌላ ነገር ነበር።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «ዓሣውስ?»

አየሁ። ሳህኑ ባዶ ነበር። ስለ ጣቶች ስጨነቅ፣ ስለ አንጓና ስለ ጥፍር ስጨነቅ፣ ሳህኑ ላይ ምንም አላስቀመጥኩም። ለሁለተኛ ጊዜ በዓሣ ቤት ግድግዳ ላይ ዓሣ ረስቻለሁ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

አክስቴ ከበሩ ወጣች። ሳህኑን አየች፣ እትዬን አየች።

«ዓሣውንማ በላነው» አለች። «እኛ ነና የበላነው።»

እትዬ መሳቅ ጀመሩ፤ መጥበሻው ራሳቸው ላይ እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። አክስቴ መጥበሻውን ከራሳቸው ላይ ተቀብላ ወደ ውስጥ ገባች፤ እትዬም አጣጥፈው የተዉትን ሽርጣቸውን አነሡ። ዓሣውን አልጨመርኩም። ቀለሙ እንዳለኝ እሾሁን ብቻ፣ ከጭንቅላት እስከ ጅራት ተግጦ ያለቀውን፣ በሳህኑ ጠርዝ ላይ ሣልኩት። ከውስጥ ዘይቱ ሲንጫጫ ይሰማኛል፤ አክስቴም «ጨው ወዴት አደረግሽው?» ስትል፣ እትዬ «ተነበረበት ነዋ!» ሲሉ ይሰማኛል።